በርበሬ የመሰለው ክሮም፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አዋሳ

ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው አዋሳ ደርሶ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ሙቀቱና ስለ አሳው ይጠይቀዋል። እኔንም ጠይቀውኛል። ሙቀቱ ደግ ነው፣ አሳውም ከተወራለት አያንስም ብዬ መልሻለሁ። የሄድኩበትን ጉዳይ ግን የጠየቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ እጽፈዋለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማዋንም ያን ጊዜ የምንጠራት አዋሳ እያልን ነበር።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የመጨረሻውን ትምህርቴን የተማርኩት ምሥራቅ ጀርመን ነው። እዚያ ሳለሁ ያጠናሁት ብረታ ብረቶች ከልማዳቸው ያነሰ ኤሌክትሮን ሲሰጡ ምን እንደሚሆኑ ነበር። ነገሩ የሚያስፈራውን ያህል አይከብድም። ብረት ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሃድ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ክሮም ለምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይሰጣል፤ ሲያስገድዱት ደግሞ ስድስት። ሁለት ብቻ ሰጥቶ እንዲቀመጥ ማድረግም ይቻላል፤ ግን እረፍት አያገኝም። ያስቀረውን ኤሌክትሮን መጀመሪያ ላገኘው ኦክስጅን ሊያስረክብ ተቁነጥንጦ ይጠብቃል። አየር ከነካው አለቀ፣ ተመልሶ ሦስት ይሆናል። ጀርመን ሳለሁ አንድም ያልሰጠ፣ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ክሮም ሠርቻለሁ፤ በሁለት የካርቦን ቀለበቶች መሃል ተኮፍሶ የሚቀመጥ ጌታ ነው። ለዜሮ የሚሆን ዕቃ ደብረ ብርሃን ስለሌለ አገሬ ስገባ በሁለት ተወሰንኩ።

ሐምሌ እንደገባ ማቴዎስ ስልክ ቤት አስጠራኝ። ማቴዎስ አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ፣ አዋሳ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው።

«ላቦራቶሪዬን ሊወስዱብኝ ነው» አለ።

«ማን ነው የሚወስደው?»

«ማዳበሪያ!»

መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። አልተበላሸም። ማዳበሪያ በብዛት ሊመጣ ነው፤ ማስቀመጫ ጠፍቷል። የቦታውን ጉዳይ የያዘው ኃላፊ ጓድ ታምራት የሚባል ሰው ነው። ጓድ ታምራት ላቦራቶሪውን በመስኮት አይቶ፣ ጥሩ ቁልፍ ያለው ሰፊ ክፍል በባዶ ጠርሙስ ተይዟል ብሏል። እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ለኬሚስትሪ መምህራን የክረምት ስልጠና ስለነበረ ግን ከመወሰኑ በፊት አንድ ቀን መጥቶ ሊያይ ቃል ገብቷል።

«እባክህ ሰው ከወንበሩ የሚያስነሳ ነገር ይዘህ ና» አለኝ ማቴዎስ። ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። ያንን ክፍል ጠርሙስ በጠርሙስ ሲሞላ ስንት ዓመት እንደለፋ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠው ክሮም ከኮምጣጤ አሲድ ጋር ሲዋሃድ የሸክላ ዓይነት ቅላት ያለው ዱቄት ይሆናል። እሱን ሠርቼ አደረቅኩት፤ አየር እንዳያገኘው በሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ከትቼ የመስታወቱን አንገት በእሳት አቅልጬ ደፈንኩት። እንደ መርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ማለት ነው። በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከደብረ ብርሃን ጉም ውስጥ በአውቶቡስ ወጣሁ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። አክስቴ ካልሲው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ስነግራት «ሰው ጤነኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ይይዛል?» አለችና ከምግብ ዕቃዋ አርቃ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። የዚያን ቀን ሌላ የሚነገር ነገር የለም።

ሁለተኛው ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሳ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ሻሸመኔ የሚነግዱ፣ የእሳቸውንም የእኔንም ወንበር የሚሞሉ ደልዳላ ሰው ናቸው። ሞጆ ሳንደርስ የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ለይቼ አውቄ ነበር።

ሞጆን እንዳለፍን ኬላ ላይ ወረድንና ለፍተሻ ተሰለፍን። ካፊያ ነበር። ጠባቂው ካልሲዬን ፈትቶ ብልቃጦቹን ወደ ብርሃን አነሳቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክሮም ነው። ለትምህርት የሚሆን ኬሚካል። መምህር ነኝ።»

«በርበሬ ነው እንጂ!»

«በርበሬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን በርበሬ ይመስላል?»

አየር ሲነካው ይበላሻል፣ እንዳትከፍተው ብዬ ለመንኩት። ይሄ ይበልጥ አጠራጠረው። የአንደኛውን አንገት ቀጭ አድርጎ ሰበረና አሸተተው። «ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል» አለ። በትንሹ መዳፉ ላይ አፈሰሰው። ካፊያው አገኘው። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ እያየ ያ ቀይ ዱቄት ከዳር ጀምሮ ጠቆረ፣ ከዚያ አመድማ አረንጓዴ ሆነ።

ጠባቂው መዳፉን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ጠፍቶ ሐዘን ተተካ።

«መምህር» አለ ቀስ ብሎ፣ «በርበሬህ ሻግቷል።»

እጁን በውሃ እንዲታጠብ ነገርኩት። ሁለተኛውን ብልቃጥ ሳይነካ በካልሲው ጠቅልሎ በሁለት እጁ መለሰልኝና «እሱን እንኳን ያትርፍልህ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ኮቴ የደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እትዬ ብርቄ እስከ ዝዋይ ድረስ አጽናኑኝ። በርበሬ አለመሆኑን ባስረዳቸውም «አፍረህ ነው፤ ወንድ ልጅ በርበሬ ቢሸከም ምን አለበት?» ይሉኛል። ዝዋይ ምሳ ወረድን። በእኛ አገር አሳ በመጽሐፍ ላይ ያለ እንስሳ ነው። እዚያ ግን ራሱም ጅራቱም ሳይጎድል ከሳህኑ ተርፎ ቀረበልኝ። እሾሁን እትዬ ብርቄ ለቀሙልኝ። ፍልሰታ ሳይገባ ብላ ብላ እያሉ የራሳቸውንም ግማሽ ጨመሩልኝ።

ጥጋቡ ግን ጣጣ አመጣ። እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸውና ትከሻዬ ላይ ተደገፉ፤ አርሲ ነጌሌ አካባቢ አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሙሉ ክብደታቸው ደረቴ ላይ አረፈ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ነቁ። «ምን ተሰበረ?»

«በርበሬው» አልኳቸው። ከዚህ በላይ ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

ኪሴ ውስጥ የፈሰሰው ዱቄት እየጠቆረ ሲሄድ አብረን አየነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሻሸመኔ ሲወርዱ ከዕቃቸው ውስጥ በላስቲክ የታሰረ እውነተኛ በርበሬ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። «ባዶ እጅህን እንዳትገባ፣ ልጄ። የእኔ አይሻግትም» ብለውኝ ሄዱ።

አዋሳ ማቴዎስ ጋሪ ይዞ ጠበቀኝ። ደብረ ብርሃን ጋሪ ሲጋልብ ሰው ጆሮውን ይሸፍናል፤ አዋሳ ግን ደረቱን ይከፍታል። ጋቢዬ ያን ጊዜ ሸክም ሆነብኝ። ገና እንደተሳፈርን «አመጣኸው?» አለኝ። ላስቲኩን ሰጠሁት። ፈትቶ አየው፣ አሸተተው፣ አስነጠሰው።

«ይሄ ክሮም ሁለት ነው?»

«በርበሬ ነው» አልኩና የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ላስቲኩን መልሶ አስሮ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ባለቤቱ አስቴር የክሊኒክ ነርስ ናት። በዚያ በርበሬ አሳ ሠርታ አቀረበች። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ በዚያ ዘመን ድምፅ ከፍ አድርጎ መጸለይ ስለማያዋጣ መስኮቱን ዘግታ በሹክሹክታ ጸለየች። እኔ እንደ ለመድኩት አማትቤ ለመብላት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት፤ ጸሎቱ ረጅም ነው። መንገደኛውን ስለ ጠበቀ፣ በርበሬ ስለ ሰጡት ሴት፣ ስለ ኬላው ጠባቂ ሁሉ አመሰገነች። መጨረሻ ላይ «ጌታ ሆይ፣ ያቺንም ነገር... ማቴዎስ፣ ማን ነበር ስሟ?»

«ክሮም» አለ ማቴዎስ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ክሮምንም በጊዜዋ አድርስልን። አሜን።»

ሦስተኛው ቀን

ላቦራቶሪውን ያየሁት በማግስቱ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሁልጊዜ የእርጥብ ካፖርት ሽታ አለው። የማቴዎስ ክፍል ግን ብርሃን የሞላበት፣ መስኮቱ ሲከፈት የሐይቁ ንፋስ የሚገባበት፣ ጠርሙሶቹ በፊደል ተራ የተደረደሩበት ነው። ግማሾቹ ጠርሙሶች የጃምና የሽሮፕ የነበሩ ናቸው። ባዶ ነው መባሉ እኔንም አስቆጣኝ።

«እንግዲህ እዚሁ እንሠራዋለን» አልኩት።

ፖታሲየም ዳይክሮሜት የሚባለው ብርቱካንማ ጨው ጠርሙስ ውስጥ ተገኘ። ይሄ ስድስት የሰጠው ክሮም ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ነበር። ከስድስት ወደ ሁለት ለማውረድ ዚንክ ያስፈልጋል፤ ዚንክ አልነበረም። አስቴር ስንነጋገር ሰምታ «የራዲዮ ድንጋይ ቅርፊቱ ዚንክ ነው ብለህ አልነበር?» አለችው ባሏን። ሰፈሩን ዞራ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በዘንቢል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። አንዲት ጎረቤት ያላለቀውን ጭምር ሰጥታ ኖሮ፣ ኋላ ዜና ሰዓት ሲደርስ ልትወስደው መጣች።

ኮምጣጤ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት አገኘን። ከሶዳ ጋር ቀላቅለን፣ ውሃው እስኪያንስ ስናፈላው የትምህርት ቤቱ ግቢ ሁሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ቱቦ አስቴር ከክሊኒኳ የተጣለ የግሉኮስ ቱቦ አጥባ አመጣች። አንድ ነገር ቀረ። የፍላስኩ የጎማ ክዳኖች በሙቀት ተሰነጣጥቀው ነበር። በጨርቅና በሰም ደፍነን ሞከርን። ብርቱካኑ ወደ አረንጓዴ ወረደ፤ ሦስት ደረሰ ማለት ነው። ወደ ሰማያዊ መሄድ ሲጀምር አየር በስንጥቁ ገባና እዚያው አረንጓዴው ላይ ቀረ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ንቅንቅ አላለም። ማቴዎስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የሚቀረን ዳይክሮሜት ለሁለት ጊዜ ቢበቃ ነው» አለ።

አራተኛው ቀን

«ከጭንቀት አሳ ይሻላል» ብሎ ማቴዎስ በጠዋት አሞራ ገደል ወሰደኝ። አሳ አጥማጆች ከሐይቁ የያዙትን የሚያራግፉበት ዳርቻ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ሰው ከብርዱ የተነሳ አጭር አጭር ይናገራል፤ እዚያ ሁሉም እኩል ይጮኻል፤ ሲዳምኛውም አማርኛውም ወላይትኛውም አንድ ላይ ይፈላል። በመሃል አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እጃቸውን ኋላ ያደረጉ ጡረተኛ ዳኞች መስለው ቆመው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ።

እኔ ዓይኔ አሳው ላይ አልነበረም። መረቡ ጠርዝ ላይ እንዲንሳፈፍ የታሰረ ቡሽ አየሁ። ወፍራም፣ ጥሩ ቡሽ። አሳ ሲመትሩ የነበሩትን ሴት ቡሹን ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው በሲዳምኛ ዜማ ነው።

«አሳ ትተህ ቡሽ ልትበላ ነው?»

ማቴዎስ በሲዳምኛ አስረዳቸው። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝና በቢላቸው አንዱን ቆርጠው ሰጡኝ። ዋጋውን ስጠይቃቸው በጥሬው የተመተረ አሳ ዳጣ ከሚባለው የቃሪያ ማጥቀሻ ጋር አቀረቡልኝ። «ይህንን ከበላህ ዋጋው ተከፈለ» አሉ። ጥሬ አሳ ስበላ እናቴ ብታየኝ ጠበል ትወስደኝ ነበር። ቡሹን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ። ጣፋጭ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ቡሹ አንድ አባ ኮዳ አፍ ውስጥ ነበር።

ጋቢዬን እያውለበለብኩ ሮጥኩ። አሞራው እየተራመደ ሸሸኝ፤ መብረር እንኳ አላስፈለገውም። ዳርቻው ሁሉ ሥራ ትቶ ሳቀ። ወፉ ነገሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጦ ሞክሮ፣ እንደማይበላ ሲገባው በንቀት ተፋው። ከጭቃው አነሳሁት።

ላቦራቶሪ ተመልሰን በጋለ ምስማር ሁለት ቀዳዳ በሳነው። ፍላስኩ አንገት ላይ ልክ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሞከርን፤ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ የጠራ ሰማይ ዓይነት ሰማያዊ። ማቴዎስ እንዲህ ያለ ክሮም ከመጽሐፍ ውጭ አይቶ አያውቅም ነበር። ፍላስኩን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየው፤ አስቴርን ጠርቶ አሳያት። የመጨረሻውን ደረጃ፣ ቀዩን፣ ለነገ አቆየነው። የቀረን ዳይክሮሜት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አምስተኛው ቀን

መምህራኑ ሞልተው ጠበቁ። ጓድ ታምራት ዘግይቶ ገባ። ቀጭን፣ ዝም ያለ፣ ድካም ያለበት ሰው ነው። ፊት ወንበር ላይ፣ ፍላስኩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰዓቱን አየ።

ዚንኩን ጨመርኩ። አሲዱ ፈላ። ብርቱካኑ አረንጓዴ ሲሆን መምህራኑ አጉረመረሙ፤ ጓድ ታምራት አላጉረመረመም። ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ያለው መንገድ ረጅም ነው። እኔ ስለ ሁለትና ስለ ሦስት ሳወራ፣ እሱ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የክፍሉን ስፋት በዓይኑ ይለካ ነበር። ስንት ጆንያ እንደሚይዝ እያሰበ እንደሆነ ማቴዎስም እኔም ገብቶናል። ከዚያ ሲጋራ አወጣ። ክብሪት አወጣ።

ከፍላስኩ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው። እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል።

«ጓድ! እንዳይጭሩ!» ብዬ ጮኽኩ።

በዚያ ዘመን እንደ እሱ ባለ ሰው ላይ እንዲያ አይጮኽም። ማቴዎስ ግድግዳውን ተደገፈ። ጓድ ታምራት ክብሪቱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አልክ?»

አፌ ላይ የመጣው ይሄ ነው፤ «ጣትዎ ያስፈልገናል።»

«ጣቴ?»

«አዎ፣ ጓድ። ሲጋራውን ያስቀምጡልኝ።»

የቡሹን ሁለት ቀዳዳ አሳየሁት። በአንደኛው ሃይድሮጅኑ ይወጣል። ሁለተኛው ቱቦ ከፈሳሹ ውስጥ ተነስቶ ወደ ሌላኛው ፍላስክ ይሻገራል፤ እዚያ ከኮምጣጤ የሠራነው ጨው አለ። መውጫውን የሚደፍን ሰው ካለ ጋዙ መሄጃ ያጣና ሰማያዊውን ፈሳሽ ራሱ ገፍቶ ያሻግረዋል። ለዚህ የልብስ መቆንጠጫ አዘጋጅቼ ነበር፤ መቆንጠጫውን ኪሴ ደበቅኩት።

ጓድ ታምራት ኮፍያውን አወለቀ። ተነሳ። ጣቱን ቀዳዳው ላይ አደረገ። አንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሰማያዊው ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ የቱቦውን እጥፋት አለፈ፣ ወደ ሁለተኛው ፍላስክ ጠብ አለ። ጠብ ባለበት ቦታ ቀይ ሆነ። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ወረደ፣ ፍላስኩ በጥልቅ ቀይ ዝቃጭ ተሞላ። የኋላ መምህራን ወንበር ላይ ወጡ።

«እኔ ነኝ ያደረግኩት?» አለ ጓድ ታምራት።

«እርስዎ ነዎት።»

«ለምን ቀላ?»

«ሁለት ክሮሞች ተያያዙ። እያንዳንዳቸው ሁለት ብቻ ስለሰጡ የተረፋቸው ኤሌክትሮን አለ፤ በእሱ እርስ በርስ በአራት ማሰሪያ ተሳሰሩ። ሁለት ብረቶች እንዲህ ሲያያዙ ብዙ ጊዜ አይታይም።»

«በአራት?»

«በአራት።»

ጎንበስ ብሎ ቀዩን ብዙ አየው። ፊቱ እንደ ተማሪ ሆኖ ነበር። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሁን ጣቴን ላንሳ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ።

በሩ ላይ ደርሶ ግን ዞረ። ኮፍያውን አድርጎ ነበር። «ይሄ ነገር ለማዳበሪያ ያገለግላል?»

ማቴዎስ ዓይኑን ጨፈነ። መዋሸት ይቻል ነበር።

«አያገለግልም፣ ጓድ።»

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ስለ ክፍሉ አንድም ነገር አልተናገረም። የዚያን ቀን እራት ላይ ቡርሳሜ ቀረበ፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ ምግብ ነው። እኔ ብቻ በላሁ። አስቴር ማቴዎስን ቅመስ ቅመስ ብትለው ጠርሙሶቹን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠይቃታል።

ስድስተኛው ቀን

ጠዋት አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት መምህራኑን ልሰናበት ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ። ግቢው በር ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ እስከ አፉ ማዳበሪያ። ማቴዎስ የላቦራቶሪውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ከፊቱ ቆሟል። መምህራኑ ሁሉ ከኋላው።

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «መምህር፣ አዳራሹ በየት በኩል ነው?»

«የቱ አዳራሽ?»

«የስብሰባው አዳራሽ። ጓድ ታምራት እዚያ አራግፍ ብለውኛል። ላቦራቶሪው ሥራ ላይ ነው አሉ።»

የስብሰባው አዳራሽ በየሳምንቱ መምህራኑ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ንግግር የሚያዳምጡበት ነበር። ማዳበሪያ ከሞላው መሰብሰቢያ የለም፤ ክረምት ነው፣ ሜዳ ላይ አይሰበሰብ። ነገሩ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ማንም ግን በግልጽ ደስ አለኝ አላለም። አንድ ሸምገል ያሉ መምህር ኮታቸውን አውልቀው ለማቴዎስ ሰጡና «ሹፌሩን እናግዘው እንጂ» ብለው ወደ መኪናው ሮጡ። ተከተልናቸው። እንዲያ ያለ የሥራ ፍቅር በዕድሜዬ አላየሁም፤ ጆንያው በሰው ትከሻ ላይ ይበር ነበር። ወንበሮቹን ሁሉ ከግድግዳው ጋር ከምረን፣ የመናገሪያውን መድረክ ጭምር በጆንያ ሸፈንነው።

የመጨረሻውን ጆንያ እኔና ማቴዎስ ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናስገባ አውቶቡሴ ጡሩምባውን እየነፋ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አለፈ።

«ሄደብህ» አለኝ ማቴዎስ።

«ይሂድ» አልኩት። ጆንያውን ከፍ አድርገን ከሌሎቹ በላይ ወረወርነው።